በደወሌ በኩል የገቡ ቃላት

«እህቴ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው?»

ደወሌ ላይ ሻይ የቀዳችልኝ ሴት ፔርሙሷን ከእጇ ሳታወርድ በአገጯ ወደ መንገዱ ዳር አመለከተችኝ። ዞር ብዬ ብመለከት ሐዲድ የለም፤ ፉርጎም የለም። ያሉት ከጂቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው ተራቸውን የሚጠብቁ ከባድ የጭነት መኪናዎች ናቸው። «እነሱንማ አየኋቸው፤ እኔ የምጠይቅሽ ስለ ባቡር ነው» አልኳት። «ባቡር!» አለች፣ እንደገና ወደ መኪናዎቹ እያመለከተች፤ ይህን ያህል ነገር የማይገባው ሰው ደግሞ ከየት መጣ በሚል አኳኋን። ነገሩን የፈታልን ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አጠገቤ የተቀመጠ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ በሶማልኛ ባቡር ማለት መኪና ነው» አለኝ። «እናንተ ባቡር የምትሉትን እኛ ታሪን ነው የምንለው።»

ወደዚያች ከተማ የወሰደኝ ጉዳይ ራሱ የቃላት ነገር ስለነበር መሳቄም ማፈሬም አልቀረም። ደወሌን ለማያውቃት አንባቢ፣ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን (በቀድሞው የሽንሌ ዞን)፣ ከድሬዳዋ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጂቡቲ ድንበር ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡበት፣ በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ መሠራት የጀመረው፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ወደ አገራችን የገባው በዚች በር ነው። በፉርጎዎቹ ጨርቅና ጨው፣ ቆርቆሮና ስኳር ሲገባ ቃላትም አብረው ገብተዋል። ለዕቃው ቀረጥ ተከፍሏል፤ ለቃላቱ ግን የጠየቀ የለም።

ተማሪው ጉልበቱ ላይ የዘረጋው ደብተር የእንግሊዝኛ ቃላት መዝገብ ኖሯል። ገጹን በሦስት ከፍሎ በመጀመሪያው እንግሊዝኛውን፣ በሁለተኛው የአማርኛ ፍቺውን፣ በሦስተኛው የሶማልኛውን ጽፏል። ሶማልኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የዳርና የዳሩ ዓምዶች በአንድ ፊደል ተጽፈው መካከለኛው ብቻውን በግእዝ ፊደል ቆሟል። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው። ከቃላቱ መካከል «ቬፐር» የሚለውን አገኘሁና ፍቺውን ጠየቅሁት። «እንፋሎት» አለኝ ሳያይ። «እንግዲህ ቬፐርም ባቡርም አንድ ቃል ናቸው» አልኩት። ልጁ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መኪናዎቹን፣ ቀጥሎ ደብተሩን ተመለከተ። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

የቃሉ መንገድ እንዲህ ነው። በላቲን እንፋሎት «ቫፖር» ይባል ነበር። ጣሊያኖች «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳዮች «ቫፐር» አሉት፤ እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ተቀብለው «ቬፐር» አደረጉት። በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ በተሠራች ጊዜ መርከቢቱ ራሷ በኃይሏ ስም ተጠራች። ቱርኮች «ቫፑር»፣ ዐረቦች «ባቡር» አሏት። ስለዚህ ባቡር መጀመሪያ የባሕር ነበር። የእንፋሎት ሞተር ከባሕር ወጥቶ በየብስ መሄድ ሲጀምር ዐረቦቹ የየብስ ባቡር ብለው ለዩት፤ እኛም «ምድር ባቡር» አልን። ልጅ ሆኜ «ምድር» የሚለው ቃል ለምን እንደተጨመረ አይገባኝም ነበር፤ ባቡር ከምድር ሌላ በምን ላይ ሊሄድ ኖሯል? መልሱ ቃሉ ውስጥ ተቀብሮ ኖሯል። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላም ቃሉ እንፋሎትን እየተከተለ ዞሯል። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። በሞተር የሚፈጭ ወፍጮንም ባቡር የሚል የገጠር ሰው ሞልቷል። ሶማልኛው ደግሞ ስሙን ለመንገዱ መኪና ሰጥቶ ለባቡሩ ከእንግሊዝኛ «ታሪን»ን ወሰደ። ይኸኛውም ቢሆን እንግሊዝኛ ነው ማለት የሚቻለው ጥቂት ነው፤ «ትሬን»ን እንግሊዞች ያገኙት ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ደግሞ ጎተተ ከሚለው የላቲን ግሥ ነው። ሻይ ሻጯና እኔ ያልተግባባነው በሁለት ባዕድ ቃላት አልነበረም። በአንድ ቃል ላይ ቆመን ነበር።

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ፍቺና ምንጭ በየመጽሔቱ፣ በየመማሪያው መጽሐፍ፣ በየትንንሹ ጥራዝ የሚጻፈውን ስከታተል ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ከሁለት በአንዱ መንገድ የሚሄድ ነው። አንደኛው እንደ ልጁ ደብተር ያለ ነው፤ እንግሊዝኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ፣ በመካከላቸው አንድ ሰረዝ። ከዚህ ወገን የሚመደቡ መልካም ሥራዎች አሉ። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ስንቱን ተማሪ ከችግር አውጥቷል፤ የኔም ቅጂ ጀርባው ተገንጥሎ በላስቲክ ታስሮ ነው ያለው። ነገር ግን ፍቺ ይሰጣል እንጂ ምንጭ አይሰጥም። ዓላማው ስላልሆነ መጽሐፉን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ከዚያ ወዲህ የጻፍነውን ነው፤ ሰረዙን ብቻ ወርሰን ሌላ ያልጨመርነውን።

ሁለተኛው መንገድ «ይህ ቃል ከላቲን የመጣ ነው» ብሎ አንባቢውን አስደንቆ ዝም የሚለው ነው። ከላቲን መምጣቱን ማወቅ ብቻውን ምን ይጠቅማል? እንግሊዝኛ ከቃላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያገኘው ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ነው። ኖርማኖች በ1066 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የዳኝነቱም የቤተ መንግሥቱም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ቆየ፤ ሙግት በእንግሊዝኛ ይሁን ተብሎ የተደነገገው በ1362 ነው። በረቱ ውስጥ «ካው» የነበረችው ላም ማዕድ ላይ ስትቀርብ «ቢፍ» ትባላለች የሚለው ምሳሌ እስኪሰለቸን ተነግሮናል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ግን ሩቅ ነው። የደወሌ ልጅ የኖርማን ጌታ ማዕድ አላየም። ያየው ኬላ ነው።

እስቲ እኛም ኬላው ላይ እንቁም።

በልጁ ደብተር ውስጥ «ከስተምስ — ጉምሩክ» የሚል መስመር አለ። ትክክል ነው፤ ማንም ፈታኝ እርማት አያደርግበትም። ሆኖም ሰረዙ የሸፈነው ነገር ብዙ ነው። «ከስተም» ልማድ ማለት ነው፤ ላቲኑ «ኮንስዌቱዶ»፣ የድሮው ፈረንሳይኛ «ኩስቱም»። ለጌታ እንደ ልማዱ የሚከፈል ግብር በዚሁ ስም ተጠራና ከብዙ ዘመን በኋላ በር ላይ ቀረጥ የሚሰበስበውን መሥሪያ ቤት ሆነ። «ኮስቲዩም» የምንለው የቲያትር ልብስም ከዚሁ ቤት ነው፤ የአገር ልማድ የሚታይበት አለባበስ ማለት ነበርና። እንግሊዝኛው በላቲን ላይ እንዲህ ቆሟል።

የእኛስ? ጉምሩክን ከቱርክና ከዐረብ አገር የመጣ ነው ብለን እናልፈዋለን። ቱርኮቹ ግን «ጉምሩክ»ን ያገኙት ከቢዛንታይን ግሪኮች «ኮመርኪዮን» ነው፤ ግሪኮቹ ደግሞ ከላቲኑ «ኮመርኪዩም»፤ ንግድ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ኮመርስ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የዚሁ ቃል ልጅ ነው። እንግዲህ የንግድ ኮሌጅ ተማሪ «ኮመርስ ነው የምማረው» ሲልና ነጋዴው «ዕቃዬ ጉምሩክ ገብቷል» ሲል የተለያየ መንገድ ተጉዞ የመጣ አንድ ቃል እየተናገሩ ነው። አንደኛው በፓሪስና በለንደን፣ ሌላኛው በቁስጥንጥንያ በኩል አድርጎ ነው የመጣው።

አሁን ድንበሩን እንሻገር። ጂቡቲ በሕግ የምትሠራባቸው ቋንቋዎች ሁለት ናቸው፤ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ። በፈረንሳይኛ ጉምሩክ «ዱዋን» ይባላል። ይህ ቃል ላቲን ይመስላል የሚል ሰው ይሳሳታል። ጣሊያኖች ከዐረቦች «ዲዋን» የወሰዱት ነው፤ ዐረቦችም ከፋርስ ያገኙት ነው። በዐረብኛ ደግሞ «ጁምሩክ» ነው፤ ያው የእኛው ጉምሩክ፣ ያው የላቲኑ ኮመርኪዩም። ልብ በሉ፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢጻፉ ፈረንሳይኛው የምሥራቅ ቃል፣ ዐረብኛው የሮማ ቃል ሆኖ ይቆማል። እኔ ይህን መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ይህ ቃል የእነ እገሌ ነው፣ ያኛው የእነ እገሌ ነው እያልን አጥር የምናበጅ ሰዎች በር ላይ እንኳ ቃላት ልብስ ተለዋውጠው ያልፉናል።

የኮመርኪዩም ሥር «ሜርክስ» ነው፤ ሸቀጥ። ከሸቀጥ «ማርኬት» ወጣ፤ ነጋዴው «መርቻንት» ወጣ። ከዚሁ ሥር ዋጋ ወይም ደመወዝ የሚል ትርጉም ያለው «መርኬስ» ወጥቶ ፈረንሳይኛ ላይ ሲደርስ «መርሲ» ሆነ፤ ዛሬ ምስጋና የሚነገርበት ቃል ነው። እንግሊዝኛ ላይ «መርሲ» ምሕረት ነው። የዋጋ ቃል በቤተ ክርስቲያን አፍ ከሰማይ የሚከፈል ዋጋ ሆኖ ነው ምሕረት የሆነው። ጉምሩክና ምሕረት ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ብል ነጋዴ አንባቢዎቼ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንግባ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙ የጉምሩክ ኮሚሽን ነው። አስመጪው የሚሞላው ሰነድ ግን «ዲክላራሲዮን» ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ ለምን «ዲክላሬሽን» አላልነውም? ወይም ለምን «ኮሚሲዮን» አላልንም? ሁለቱም መድረሻቸው አንድ ዓይነት የላቲን ቃላት ናቸው፤ አንዱ በእንግሊዝ አፍ፣ ሌላው በፈረንሳይ አፍ ገቡ እንጂ። ከጠላት ወረራ በፊት የተማረው ሰው የውጭ ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር። የባቡር ኩባንያው በፈረንሳይኛ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን የገባው ቃል መጨረሻው «ሲዮን» ነው፤ ሚሲዮን፣ ለጋሲዮን። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤቱን ሲይዝ የገባው ደግሞ «ሽን» ነው፤ ፌዴሬሽን፣ ኮሚሽን፣ ኮርፖሬሽን። ስለዚህ የአንድን የአማርኛ ውሰት ቃል ጅራት አይቶ የገባበትን ዘመን መገመት ይቻላል፤ የበሬን ዕድሜ ከጥርሱ እንደማወቅ ነው። ዲክላራሲዮን ሳይለወጥ የቀረው ወረቀቱ ከጂቡቲ ወረቀት ጋር ዘወትር ስለሚገናኝ ይመስለኛል። «ትራንዚተር»ም እንደዚሁ ነው። ፈረንሳይኛው «ትራንዚቴር» ነው። በየሕንፃው ላይ በላቲን ፊደል እንግሊዝኛ አስመስለን እንጽፈዋለን እንጂ ለንደን ወርዶ በዚህ ስም ዕቃ አስለቃቂ ቢፈልጉ የሚረዳ አይገኝም።

የዲክላራሲዮን እምብርቱ «ክላሩስ» ነው፤ ብሩህ፣ ግልጽ። እንግሊዝኛው «ክሊር» ከዚሁ የወጣ በመሆኑ ነጋዴው መጀመሪያ የሚሞላው ዲክላራሲዮንና መጨረሻ ላይ የሚቀበለው ክሊራንስ ወንድማማች ናቸው። ሰውየው ያለውን ይገልጣል፤ እነሱም ግልጽ ነው ይሉታል። ኮሚሽንም ላከ ከሚለው «ሚተሬ» የመጣ ነው፤ ሚሲዮንም ከዚያው። ለመሆኑ ይህን ለመማር ላቲን ማወቅ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ግእዝ ያልተማረ ልጅ እንኳ «ገብረ» ሠራ ማለት መሆኑ አንዴ ከተነገረው ግብር፣ ተግባር፣ ምግባር፣ ገበሬ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ራሱ ይደርስበታል። ላቲን ለእንግሊዝኛ የሆነውን ግእዝ ለአማርኛ ሆኗል። አስተማሪው በእጁ ያለውን ቁልፍ ትቶ ልጁን ሰረዝ ያስቆጥረዋል።

የሶማሌው ልጅማ ሌላም ቁልፍ አለው። በእሱ ቋንቋ ቀረጥ «ዓንሹር» ነው፤ ከዐረብኛው «ዑሹር» የመጣ፣ ከዐሥር አንድ ማለት። እኛ ዐሥራት ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ይህን ስነግረው በጣቶቹ ዐሥር ድረስ በሶማልኛ ቆጠረልኝና «ግን የኛ ዐሥር ‹ቶባን› ነው» አለ። ልክ ነው፤ ቁጥሩን ከራሱ፣ ቀረጡን ከሌላ ሰው ነው የወሰደው። ቀረጥ ሁልጊዜ ከአስከፋዩ ቋንቋ ጋር ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል ልምጣ። «ኮንትሮባንድ» በዚያ አገር ከእንጀራ ጋር የሚነሣ ቃል ነው። ምንጩ ጣሊያንኛ ነው፤ «ኮንትራ» ተቃራኒ፣ «ባንዶ» ዐዋጅ። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ «ኮንትራባንድ» ብሎታል። ፍቺው ከዐዋጅ ውጪ ማለት ነው፤ ከዚህ አያልፍም። «ባንዲት» የሚለውም እንዲሁ በዐዋጅ የተባረረ ሰው ማለት ነበር፤ ሽፍታ። እኛ ግን ኮንትሮባንድን ከስርቆት ጋር አዛምደን ስንይዘው ብዙ ጊዜ አያለሁ። በጋዜጣ ላይ «ኮንትሮባንዲስቶች» ተብሎ ሲጻፍ በብዙ መኪና የሚያስገባው ባለሀብትና ግማሽ ኩንታል ሩዝ በአህያ ጭና ዘመዶቿ ካሉበት ማዶ ወዲህ የምትሻገር ሴት በአንድ ቃል ይገባሉ። ሌባ የሰው ዕቃ የወሰደ ነው። ኮንትሮባንድ ግን የራስን ዕቃ ዐዋጁ ባልፈቀደው መንገድ ማሳለፍ ነው። ሁለቱም ጥፋት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ጥፋት ግን አይደሉም። ዐዋጅ ይለወጣል፤ ትናንት የተከለከለ ዛሬ ይፈቀዳል፤ ስርቆት ግን በማንም ዐዋጅ አይፈቀድም። ቃሉ ይህን ልዩነት በሆዱ ይዞልናል። ምንጩን የሚያውቅ ጋዜጠኛ ቢያንስ ብዕሩን ከማሳረፉ በፊት አንድ ጊዜ ያስባል ብዬ አምናለሁ። እኔም በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሳለሁ የነገረኝ አልነበረም፤ ራሴም ሴትየዋንና ባለሀብቱን በአንድ ቃል ጽፌ አውቃለሁ።

ምንጭ ፍለጋ ግን የራሱ በሽታ አለው። በሌላው ጠርዝ ያሉ ጸሐፊዎቻችን ሰምተው የሚያውቁትን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ወደ ግእዝ ወይም ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ማስረጃቸው ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ ይሸነግላል። በፋርስኛ ክፉ «ባድ» ነው፤ በእንግሊዝኛም «ባድ» ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ዝምድና የላቸውም፤ ድንገት ተገጣጠሙ። «ዋይን»ና ወይን ደግሞ ድንገት አይመስሉም፤ የላቲኑ «ቪኑም»ና የሴም ቋንቋዎቹ ወይን ከየት ተነሥተው ማን ከማን እንደወሰደ ምሁራን ይከራከራሉ። ከሁሉም የምንወደው ግን «ኮፊ» ከካፋ ነው የሚለው ነው። ቢሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ኮፊ ከጣሊያንኛው «ካፌ»፣ ያም ከቱርክኛው «ካህቬ»፣ ያም ከዐረብኛው «ቀህዋ» ነው፤ እስከዚህ መንገዱ ይታያል። ከቀህዋ ወደ ካፋ የሚወስደው መንገድ ግን እስከ አሁን በማስረጃ አልተገኘም፤ ዐረቦቹ ቀህዋን ከቡና በፊት ለወይን ጠጅ ይሉት ነበር። ካፎቹ ራሳቸው ደግሞ ቡናን «ቡኖ» ነው የሚሉት። ሶማሌዎችም «ቡን» ይላሉ። ተክሉ የእኛ መሆኑን ዓለም መስክሯል፤ ስሙም የግድ የእኛ ካልሆነ ብሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ምንድን ነው?

ጆሮ የሚሠራው ሥራ ግን አለ፤ እሱም ማላመድ ነው። «ላ ጋር» ጣቢያው ማለት ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ለገጣፎንና ለገዳዲን ለምዶ የቆየ ጆሮ «ላ»ን በኦሮምኛው «ለጋ» ወንዝ አስመስሎ ለገሃር አደረገው የሚል ጥርጣሬ አለኝ። እዚህ ላይ ለላቲን ወዳጆች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከለገሃር ውስጥ ላቲን የሆነችው «ላ» ብቻ ናት። «ጋር» ከጥንት የጀርመን ነገዶች ቃል፣ ጠበቀ፣ ተጠነቀቀ ከሚለው የወጣ ነው፤ ጋራዥም ከዚያው። እንግሊዝኛው «ቢዌር» ተጠንቀቅ ሲል ያንኑ ጥንታዊ ሥር ነው የሚጠራው። ፈረንሳይኛ ሁሉ ላቲን አይደለም።

ሹፌርም የሐዲድ ሰው ነበር። «ሾፌር» ማለት የሚያሞቅ፣ እሳት የሚያነድ ማለት ነው፤ የእንፋሎቱ ሞተር ያለ እሳት አይነቃነቅም ነበር። ዛሬ ደወሌ ላይ በጥላ ሥር ጋደም ብሎ ወረፋውን የሚጠብቀው ሹፌር፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ስሙ አሟቂ ማለት መሆኑን ብነግረው የሚስቅ ይመስለኛል። የሚረግጠው ፍሬን፣ ከፈረንሳይኛውም ይምጣ ከጣሊያንኛው፣ በላቲን የፈረስ ልጓም ነው። ቢሮ ጸጉራም የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ተነጠፈ፣ ጠረጴዛው የጨርቁን ስም ወሰደ፣ ክፍሉ የጠረጴዛውን፣ መሥሪያ ቤቱ የክፍሉን። ታሪፍና መጋዘን ዐረብኛ ናቸው፤ አውሮፓ ደርሰው «ታሪፍ» እና «ማጋዚን» ሆኑ። በ1731 (እ.ኤ.አ.) ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ የለንደን አሳታሚ ለየወሩ ጽሑፍ ማከማቻ ብሎ ይህን ስም ለመጽሔቱ ሰጠው። አንባቢ አሁን በእጁ የያዘው ነገር በእንግሊዝኛ ስሙ መጋዘን ነው።

በዚያው የኬቭ መጽሔት ለዓመታት የሠራው ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት ለየቃሉ ምንጭ ለመስጠት ደክሟል፤ ብዙ ቦታም ተሳስቷል። የሚገርመው የሰውየው የመጀመሪያ መጽሐፍ የኢትዮጵያ ነገር መሆኑ ነው፤ የፖርቱጋሉን የሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1735 አሳትሟል። እኛም ወደ እንግሊዞች አንድ ጊዜ በፈረንሳይኛ በኩል ገብተናል ማለት ነው። በእኛ በኩል ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ትልቁ መዝገበ ቃላት ቃልን ከነቤተሰቡ ለማየት ለሚፈልግ ሰው እስከ ዛሬ ወዳጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው የቃል ጎርፍ ግን ዘጋቢ ይፈልጋል።

ይህን የምለው በችኮላ ነው፤ ምክንያትም አለኝ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በቻይና ኩባንያዎች የተሠራ ነው፤ ሐዲዱም ከአሮጌው ይሰፋል። በእንፋሎት አይሄድም፤ በናፍጣም አይሄድም። ሆኖም ባቡር ነው የሚባለው፤ እንፋሎቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ስሙ ቀርቷል። ሌሎቹ ግን እንዲህ ዕድለኞች አይደሉም። «ሸመንደፈር» በፈረንሳይኛ የብረት መንገድ ማለት ነው፤ ዐረቦቹም ሐዲድ ያሉት ብረት ማለታቸው ነው። ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. በወጣው ጥቁር ሰው አልበሙ ለዘፈኑ ርእስ አድርጎት ለወጣቱ አስተዋወቀው እንጂ ከድሬዳዋ ውጪ ቃሉ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። የባቡር ሠራተኛውን «ሸሚኖ» የሚለውን ዛሬ የሚሉት ራሳቸው ሸሚኖ የነበሩ ሽማግሌዎችና ልጆቻቸው ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ቃሉን ከነሥራው የሚያውቀው አይኖርም። በአሮጌው መስመር ላይ፣ በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻ፣ በደወሌ፣ አንድ ሰው መቅረጸ ድምፅ ይዞ የዚያን ሥራ ቃላት ከነሶማልኛው፣ ከነአፋርኛው፣ ከነአማርኛው ቢሰበስብ ለመዝገበ ቃላቱም ለታሪኩም ይሆናል። ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ጉልበትና ሻይ ነው።

ልጁ ሻዩን ጨርሶ ከመነሣቱ በፊት ደብተሩን ሰጠኝና አንድ ቃል እንዳሳየው ጠየቀኝ። «መርሲ — ምሕረት — ነሐሪስ» የሚለውን አግኝቼ፣ ከዚያ አምስት ገጽ ወደ ኋላ ገልጬ «ከስተምስ — ጉምሩክ» ካለው መስመር ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አደረግሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ጥቂት አሰበና «ዘመዳሞች ናቸው?» አለኝ። «በአማርኛው በኩል ያለውን ፈልግ» አልኩት። ሻይ ሻጯ በዚህ መካከል ጣልቃ ገብታ ባቡሩ ተራው ስለደረሰ ዞር በሉ አለችን፤ መኪናው ማለቷ ነው።